ቲ-55፤ በሁለቱም ወገን የተሰለፈው ታንክ

ስለ ጦር መሣሪያ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የመድፉን አፈ ሙዝ ስፋትና የብረቱን ክብደት ቈጥረው ያበቃሉ። እኛም ቍጥሩን አንተወውም፤ ያለ ቍጥር ታንክን ማወቅ አይቻልምና። ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠራቻቸውን የቲ-54ና የቲ-55 ታንኮች ታሪክ ስንመረምር ከቍጥሩ ይልቅ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ይህ ታንክ በተዋጋባቸው ብዙ የጦር ሜዳዎች በወዲያኛውም በወዲህኛውም ወገን ተሰልፎ መገኘቱ ነው። የእኛም ምድር ከነዚሁ የጦር ሜዳዎች አንዱ ነበረ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድመን የታንኩን አሠራር እንመልከት። የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያን ግን በራሳችን አቈጣጠር ጽፈናል።

የዚህ ታንክ አያት ቲ-34 ነው። በ1941 ጀርመኖች ሶቪየት ኅብረትን በወረሩ ጊዜ በካርኮቭ የነበረው የታንክ ፋብሪካ ተነቅሎ በባቡር ወደ ኡራል ተራሮች፥ ኒዥኒ ታጊል ወደሚባለው ከተማ ተወሰደ። በዚያም አሌክሳንደር ሞሮዞቭ የሚመራቸው መሐንዲሶች ቲ-34ን እያሻሻሉ መጀመሪያ ቲ-44ን፥ ቀጥሎም ቲ-54ን ነደፉ። ትልቁ ብልኀታቸው ሞተሩን እንደ ቀድሞው በቁመት ማስቀመጡን ትተው በአግድም ማጋደማቸው ነበር። በዚህም የታንኩ የኋላ ክፍል አጠረ፤ የተረፈውም ክብደት የፊቱን ብረት ለማወፈር ዋለ። የመጀመሪያው የሙከራ ታንክ በ1945 ተሠራ። በ1947 በብዛት መሥራት ቢጀመርም ጉድለቱ በዛ። ጉልላቱ፥ ማለት መድፉን ተሸክሞ በክብ የሚዞረው የላይኛው ክፍል፥ ከግርጌው ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለ ነበረ የጠላት ጥይት በዚያ ነጥሮ በስሱ የታንኩ ጣራ በኩል ሊገባ ይችል ነበር። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተለወጠና በ1951 ዛሬ በሥዕል የምናውቀውን፥ የተደፋ ገበቴ የሚመስለውን መልኩን ያዘ።

ክብደቱ 36 ቶን ያህል ነው። መድፉ ባለ 100 ሚሊሜትር ሲሆን ለመርከብ ከተሠራ መድፍ የተወለደ ነው። የገላው የፊት ብረት ውፍረት 100 ሚሊሜትር ነው፤ ነገር ግን በጣም ዘመም ተደርጎ ስለ ተበጀ በቀጥታ የሚመጣ ጥይት የዚያን እጥፍ የሚያህል ብረት መብሳት ይኖርበታል። የጉልላቱ ግንባር 200 ሚሊሜትር ይደርሳል። ባለ 12 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ በቲ-54 ላይ 520፥ በቲ-55 ላይ 580 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ በደኅና መንገድም በሰዓት እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ወንዝ ሲያጋጥመው የአየር መሳቢያ ቧንቧ ተተክሎለት 5 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ሥር በወለሉ ላይ ይሻገራል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ከፍታው ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ አሜሪካኖች የሠሩት ኤም-60 ግን ከ3 ሜትር ያልፋል። አጭር ታንክ ከቍጥቋጦ ጀርባ ይደበቃል፤ ለተኳሽም ትንሽ ዒላማ ይሆናል። ታዲያ ይህ በነጻ የተገኘ አይደለም። በውስጡ አዛዡ፥ ተኳሹ፥ አጉራሹና ሹፌሩ፥ አራቱም ተጣበው ይቀመጣሉ። አጉራሹ 30 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ጥይት በዚያች ጠባብ ቦታ፥ ታንኩ እየተንገጫገጨ፥ አንሥቶ ወደ መድፉ ማስገባት አለበት። ከክፍላችን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች አንዱም ለዚህ ሥራ አይመረጥም ነበር። ጣራው ዝቅ ያለ ስለ ሆነም የመድፉን አፍ ከ5 ዲግሪ በላይ ወደ ታች ማዘንበል አይቻልም። ስለዚህ ታንኩ ከኮረብታ ጀርባ ተሸሽጎ ቍልቍል መተኰስ ሲፈልግ ገላውን ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ደግሞም በቲ-55 ከሹፌሩ ጎን ጥይቱና ናፍጣው በአንድነት ይቀመጣሉ። በዚህ ዘዴ የሚጫነው ጥይት ከ34 ወደ 43 ከፍ ብሏል፤ ያ ቦታ የተመታ እንደ ሆነ ግን አራቱ ሰዎች የሚያመልጡበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለ ታንክ ጥንካሬ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ዐይነቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ስለሚሆን ዋና ዋናዎቹን ብቻ እናነሣለን። በ1955 የወጣው ቲ-54ኤ ታንኩ በጕድባ ላይ ሲሄድ መድፉ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይዋልል የሚይዝ ማረጋጊያ ተጨመረለት። ጥቂት ቈይቶ የመጣው ቲ-54ቢ ወደ ግራና ወደ ቀኝም የሚያረጋጋ ሆነ፤ በሌሊት ማያ መነጽርም አገኘ። በ1958 ሠራዊቱ የተቀበለው ቲ-55 የዘመኑን ትልቅ ፍርሀት ያሳያል፤ የአቶም ቦምብ በፈነዳበት አገር እንዲያልፍ ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ የሚዘጋ፥ አየሩም ተጣርቶ የሚገባ ሆኖ ተሠርቷል። ከ1960 በኋላ የመጣው ቲ-55ኤ በውስጡ ጨረር የሚከለክል እርሳስ ያለበት ሽፋን ለበሰ። በ1980ዎቹ ደግሞ አሮጌዎቹ ታንኮች በጉልላታቸው ፊት እንደ ቅንድብ ያለ ተጨማሪ ብረት፥ በጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያና በመድፉ አፍ የሚተኰስ ሚሳይል ተሰጣቸው። በዚሁ ገላ ላይ ድልድይ የሚዘረጋም፥ የተበላሸ ታንክ የሚጎትትም፥ አውሮፕላን የሚመታ ባለ ሁለት አፍ 57 ሚሊሜትር መድፍም ተሠርቷል።

ፖላንድና ቼኮስሎቫኪያ በፈቃድ ሠሩት፤ ቻይናም ታይፕ 59 በሚል ስም አወጣችው። ይህ ሁሉ ሲደመር በዓለም ላይ በብዛቱ የሚወዳደረው ታንክ የለም። ሶቪየት ኅብረት ለወዳጆቿ ሁሉ በርካሽና በብድር አደለችው። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ የእርሻ ትራክተር ይነዳ የነበረ ወጣት በጥቂት ወራት ይለምደዋል። የማረከውም ወገን ሳይቸገር ያስነሣዋል። በእኛ አስተያየት የዚህን ታንክ ታሪክ የወሰነው የብረቱ ውፍረት ሳይሆን ይህ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው።

እስራኤል በ1967ቱ ጦርነት ከዐረብ ሠራዊቶች የማረከቻቸውን ታንኮች «ቲራን» ብላ ሰይማ ለራሷ አሰለፈቻቸው። በብዙዎቹም ላይ መድፉን በ105 ሚሊሜትር ለወጠች፤ ኋላም ከፊሎቹን ጉልላታቸውን አውርዳ ወታደር ማመላለሻ አደረገቻቸው። በ1973 የሶርያ ቲ-55ዎች በጎላን ኮረብታ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ከላይ የጠበቋቸው የእስራኤል ታንኮች መድፋቸውን ቍልቍል ለማዘንበል የሚችሉ ነበሩ። ቀደም ብለን ያነሣናት የ5 ዲግሪ ነገር በዚያ ቀን ብዙ ነፍስ አስከፍላለች። በ1975 ደግሞ የሰሜን ቬትናም ሠራዊት ሳይጎን ሲገባ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቀድመው የደረሱት ሁለት ታንኮች አንዱ ቲ-54፥ ሁለተኛው የቻይናው ታይፕ 59 ነበሩ። ዋናውን በር ሰብሮ የገባው ቻይና ሠራሹ ሆኖ ሳለ ለብዙ ዓመታት ክብሩን የወሰደው ሌላው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ለረጅም ጊዜ የታጠቀው የአሜሪካ ታንኮችን፥ ኤም-41፥ ኤም-47ና ኤም-60ን ነበር። ሶማሊያ ግን የሶቪየት ወዳጅ ስለ ነበረች ቲ-34፥ ቲ-54ና ቲ-55 አከማችታ ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ሠራዊት ወደ ኦጋዴን ሲገባ ከ200 የሚበልጡ ታንኮች ነበሩት። በነሐሴ ድሬዳዋን ለመያዝ ሞክሮ ተመለሰ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ግን ጅጅጋን ያዘ። ደርግ በበኩሉ ከአሜሪካ ጋር ተቃቅሮ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞሮ ነበር። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን ስታባርር ሞስኮ በአየርና በባሕር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ማጓጓዝ ጀመረች፤ በዚህም ቲ-55 ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት ገባ። የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ የካራማራን ተራራ ከፊት ለፊት በመግፋት ፈንታ በሰሜን በኩል ዞረውና የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን አስለቀቀ።

የዚህን ጦርነት ድል በየዓመቱ እናከብራለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ቲ-55 ከቲ-55 ጋር እንደ ተገናኘ የሚናገር ጥቂት ነው። በሁለቱም ታንክ ውስጥ አራት አራት ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱንም ወገን ያሠለጠኑት የአንድ አገር መኰንኖች ናቸው። ከመንግሥታቸው ዓርማ በቀር ታንኮቹን የሚለያቸው ነገር አልነበረም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በአፍአበት የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ወደ 50 የሚጠጉ ታንኮች ከመንግሥት ጦር ማረከ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ የተማረኩ ታንኮች ለጥቃቱ ዋሉ፤ ዛሬም በዚያች ከተማ ሦስት ታንኮች ለመታሰቢያ ቆመዋል። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገሠገሡት ታንኮችም ከዚያው ከደርግ ጦር የተማረኩ ነበሩ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይህንኑ ታንክ አሰለፉ፤ ከአንድ መጋዘን የወጡ፥ የአንድ ሠራዊት ቍጥር ተጽፎባቸው የነበሩ ታንኮች በባድመና በጾረና ግንባር ፊት ለፊት ተያዩ። በአሥመራ ዳርቻ ዝገው የተደራረቡትን ታንኮች ፎቶግራፍ ያየን ሁሉ ከመካከላቸው የትኛው በማን እጅ እንደ ነበረ ለይተን ልንናገር አንችልም።

ፋብሪካው ይህን ታንክ መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ በ2022 ስሎቬኒያ መድፋቸውን በ105 ሚሊሜትር የለወጠችላቸውን 28 የቲ-55 ታንኮች ለዩክሬን ሰጠች። በመጋቢት 2023 ደግሞ ሩሲያ ከሩቅ ምሥራቅ መጋዘኗ ያወጣቻቸው ቲ-54ና ቲ-55 ታንኮች በባቡር ተጭነው ወደ ምዕራብ፥ ወደዚያው ጦርነት ሲጓዙ ታዩ።