ያለ ቀኑ የሞተ ሰው እንዴት ይቈጠራል?

ሥር የሰደደ የሳምባ በሽታ ብዙ ዓመት ሲያደክመው የኖረ ሽማግሌ፥ ጢስ በበዛበት ሳምንት ቢሞት ገዳዩ በሽታው ነው ወይስ ጢሱ? ጐረቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ታሪክ መርማሪ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይገባውም። ይህ ጥያቄ በሎንዶን ከተማ ተነሥቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አከራክሯል። እኛም እዚህ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን 1952 በሎንዶን ነፋስ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ብርዱ ስለ ጠና በየቤቱ የድንጋይ ከሰል ይነድ ነበር፤ ሞቃት አየር ከበላይ እንደ ክዳን ስለ ገጠመውም ጢሱ መውጫ አጣ። መንገደኛው የገዛ እግሩን ማየት ተሳነው። በሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ይታይ የነበረ ኦፔራ እንኳ ጭጋጉ አዳራሽ ድረስ ስለ ገባ ተቋረጠ። ነገር ግን ሕዝቡ ጭጋግ የለመደ ነበርና የሟቹን ብዛት ወዲያው አላስተዋለም።

ያስታወቀው መዝገቡ ነው። ዲሴምበር 13 ቀን በተፈጸመው ሳምንት በታላቋ ሎንዶን 4,703 ሰው ሞተ፤ ባለፈው ዓመት በዚያው ሳምንት የሞተው 1,852 ነበር። በከተማይቱ መካከለኛ ክፍል በብሮንካይትስ የሞቱት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ76 ወደ 704 ወጡ። ብሮንካይትስ የእንግሊዝ ሐኪሞች ለማያቋርጥ ሳልና ለትንፋሽ ማጠር ይጽፉት የነበረ ስም ነው።

መቼም በሬሳ ሣጥን ላይ «ያለ ቀኑ የሞተ» ተብሎ አይጻፍም። የሚታወቀው በመቀነስ ነው፤ ይኸውም ከሞተው ሰው ቍጥር ላይ በደኅናው ዘመን ይሞት የነበረውን ማንሣት ነው። ይህን ብልሃት በ19ኛው ምዕተ ዓመት በመዝገብ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ዊሊያም ፋር አሳይቶ ነበር። በ1847 ኢንፍሉዌንዛ በገባ ጊዜ፥ በሌላ የደረት በሽታ ስም ከተጻፈው ሞት ብዙው የኢንፍሉዌንዛ መሆኑን በዚሁ መንገድ ገለጠ።

ከ1952 በኋላ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጢሱን ሟቾች 4,000 ያህል ብሎ ቈጠራውን በዲሴምበር አጋማሽ አካባቢ አቆመ። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 1953 ሞቱ ከተለመደው በላይ እንደ ሆነ ሲቀጥል ምክንያቱን ለኢንፍሉዌንዛ ሰጠው። ፋር ከደረት በሽታ ስም በታች ኢንፍሉዌንዛን አገኘ፤ ሚኒስቴሩ ጢሱን ከኢንፍሉዌንዛ ስም በታች ሸሸገው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በ2001 ሚሸል ቤልና ዴቭራ ዴቪስ መዝገቡን እንደ ገና መርምረው፥ ኢንፍሉዌንዛው ይህን ሁሉ ሞት ሊያስረዳ እንደማይችል አሳዩ፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለውን ቢቈጥሩት ሟቹ 12,000 ያህል ሆነ።

«የሞቱት ሽማግሎችና በሽተኞች ናቸው፤ ጥቂት ቀን ቢቀድሙ ነው» የሚልም ነበር። እንዲህ ቢሆን ኖሮ በተከታዮቹ ሳምንታት ሞቱ ከተለመደው በታች መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም።

በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ሆኖም ለእኛ ከሁሉ የሚከብደን ስለ 1,852ቱ የሚነሣው ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመትም እኮ ሎንዶን ከሰል ታነድ ነበር። ጢሱ በየክረምቱ ቀስ እያለ የሚገድለው ሰው «በተለመደው» ቍጥር ውስጥ አስቀድሞ ስለ ገባ፥ በመቀነስ አይገኝም። በማገዶና በከሰል ጢስ በተሞላ ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የፈጀች እናትም ከዚሁ ወገን ናት፤ ጢሱ የበዛበት ልዩ ሳምንት የላትምና፥ ቀን ለይቶ የሚቀንስላት አይገኝም።