ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ዲዛይን አድርጎ መወዳደር፦ ጀማሪ ማወቅ ያለበት ሁሉ



የመጀመሪያ ሞተራችንን ሠርተን ለውድድር ስናስገባ እንደምናሸንፍ እርግጠኞች ነበርን። ከገቡት ሁሉ በፈረስ ጉልበት የሚበልጠን አልነበረም። ውጤቱ ሲወጣ ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆንን። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነበር። ጥያቄው «ለቤተሰብ የሚሆን ርካሽ መኪና ሞተር ሥሩ» ነው የሚለው፤ እኛ የሠራነው የእሽቅድምድም ሞተር ነው። ውድ፣ ነዳጅ የሚጠጣ፣ ቶሎ የሚበላሽ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር ከሀ ጀምረን ተማርን። ማናችንም ኢንጂነሪንግ አልተማርንም፤ ስለዚህ እዚህ ያለው ሁሉ በካልኩሌተር የሚሠራ ነው። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

ጨዋታው ምንድነው?

«አውቶሜሽን» የሚባል የኮምፒውተር ጌም አለ። የሠራው ካምሻፍት ሶፍትዌር ነው፤ ስቲም ላይ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እዚህ ጌም ላይ መኪና አትነዱም፣ ትሠራላችሁ። የሲሊንደሩን ስፋት፣ የፒስተኑን ዓይነት፣ ካምሻፍቱን፣ ማርሚታውን ሳይቀር ትመርጣላችሁ። ከዚያ ሞተሩ ዳይኖ ላይ ወጥቶ ጉልበቱ በግራፍ ይታያል። የሠራችሁትን መኪና መንዳት ከፈለጋችሁ ደግሞ «ቢምኤንጂ ድራይቭ» ወደሚባለው ሌላ ጌም መላክ ይቻላል።

ቀድመን እንንገራችሁ፦ በስልክ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ከታች ያሉትን ሒሳቦች ግን አሁኑኑ በስልካችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። አዘጋጁ ሕግ ያወጣል፦ የየትኛው ዘመን ሞተር እንደሆነ፣ ከፍተኛው ሲሲ፣ የነዳጁ ኦክቴን፣ የዋጋ ጣሪያ፣ አንዳንዴም የድምፅ ገደብ። ተወዳዳሪው ሞተሩን ሠርቶ ፋይሉን ይልካል። አዘጋጁ ቁጥሮቹን ያወዳድራል፣ ወይም መኪኖቹን ቢምኤንጂ ላይ ነድቶ ይለያቸዋል።

ለምን 4 ሲሊንደር?

መንገድ ላይ የምታዩት አብዛኛው የቤት መኪና ባለ 4 ነው። በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች አንድ ብሎክና አንድ ቴስታታ ብቻ ስለሚፈልጉ ርካሽ ናቸው፤ ለመካኒክም ይመቻሉ።

አሠራሩም የተመጣጠነ ነው። አንድ ሲሊንደር የሚያቃጥለው ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ዙር 720 ዲግሪ ነው፤ ለአራት ሲካፈል 180። ስለዚህ በየግማሽ ዙሩ አንድ ሲሊንደር ይገፋል። የተለመደው ተራ 1-3-4-2 ነው።

ጉድለቱ ንዝረት ነው። ቢዬላው ሲዞር ዘንበል ስለሚል፣ ፒስተኑ ከላይኛው ግማሽ ጉዞው ከታችኛው ይልቅ ፈጥኖ ያልፋል። አራቱ ፒስተኖች አንዱ የሌላውን ንዝረት ቢያጠፉም ይሄኛው ይቀራል፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ሞተሩን ይነቀንቀዋል። ሞተሩ በተለቀ ቁጥር ንዝረቱም ያድጋል። ለዚህ ነው ብዙ ትልልቅ ባለ 4 ሞተሮች ንዝረቱን የሚያጠፉ ሁለት ተጨማሪ ዘንጎች የሚገጠሙላቸው። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የፍሬድሪክ ላንቸስተር ነው፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ሚትሱቢሺ በሰፊው ተጠቀመበት። ጌሙ ላይ ይሄ ንዝረት የልስላሴ ነጥባችሁን ይቀንሳል።

1. መጀመሪያ ሕጉን አንብቡ

ይሄ የጌም ምክር ብቻ አይደለም። እውነተኛ ሞተሮችንም ሕግ ነው የሚቀርጻቸው።

ዝነኛው የቢኤምደብሊው ኢ30 ኤም3 ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር 2,302 ሲሲ ነበር። ጣሊያን ውስጥ ግን ከ2,000 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና ከባድ ታክስ ነበረበት። ኩባንያው ምን አደረገ? የሲሊንደሩን ስፋት 93.4 ሚሜ ላይ እንዳለ ትቶ፣ የፒስተኑን ጉዞ ከ84 ወደ 72.6 ሚሜ አሳጠረው። ውጤቱ 1,990 ሲሲ። ለጣሊያንና ለፖርቱጋል የተሸጠው 320አይኤስ በዚህ መንገድ ተወለደ።

እኛ አገርም መኪና ሲገዛ «ስንት ሲሲ ነው?» የሚባለው በከንቱ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክሱ 1,300 እና 1,800 ሲሲ ላይ ደረጃ ይቀይራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ቢከለከልም፣ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉትን መኪኖች የመረጠልን በከፊል ያ መስመር ነው።

2. ቦርና ስትሮክ

ቦር የሲሊንደሩ ስፋት ነው። ስትሮክ ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት ነው። ለባለ 4 ሲሊንደር ሲሲውን የምታወጡበት አቋራጭ ይሄው፦

ቦር × ቦር × ስትሮክ × 3.1416

መለኪያው በሴንቲ ሜትር ይሁን። የላዳ 1200 ሞተር ቦሩ 7.6፣ ስትሮኩ 6.6 ነው። 7.6 × 7.6 × 6.6 × 3.1416 ወደ 1,198 ይመጣል። ልክ ነው።

አሁን ደስ የሚለውን እዩ። ላዳ የተወለደው ከፊያት 124 ነው። የፊያቱ ሞተር ቦሩ 73 ሚሜ፣ ስትሮኩ 71.5 ሚሜ ነበር፤ ሲሲው 1,197። ሲሲው አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ቅርጹ ግን ይለያል። በኋላ ሶቪየቶቹ ያንኑ የ76 ሚሜ ቦር ይዘው ስትሮኩን 80 ሚሜ ሲያደርጉት 1,452 ሲሲ ሆነ።

ልዩነቱ ምን ያመጣል? ሰፊ ቦር ለትልልቅ ቫልቭ ቦታ ይሰጣል፤ ስትሮኩ ሲያጥር ደግሞ ሞተሩ ከፍ ያለ ዙር ይችላል። ጠባብ ቦርና ረጅም ስትሮክ ሞተሩን ያሳጥረዋል፤ ብዙ ጊዜ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ከፍተኛ ዙር ላይ ግን ይጨነቃል።

3. ቫልቭና ካምሻፍት

የመጀመሪያው አማራጭ ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንግ የሚገፋበት ነው። የድሮው ኮሮላ 4ኬ ሞተር እንደዚያ ነው። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ብዙ ዙር ግን አይወድም። ሁለተኛው ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ የሚቀመጥበት ነው፤ ሶቪየቶቹ የፊያትን ሞተር ለላዳ ሲቀይሩ ያደረጉት ይሄንን ነው። ሦስተኛው ሁለት ካምሻፍት በቴስታታው ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 4 ቫልቭ ነው። አየር በደንብ ያስገባል፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ይጨምራል።

ከዚያ የካሙ ቅርጽ ይመጣል። ለስላሳ ካም ዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ኃይለኛ ካም ከፍተኛ ዙር ላይ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ ካላችሁ ሆንዳ ኤስ2000ን ተመልከቱ። ቪቴክ የሚባለው ዘዴ በሁለት የካም ቅርጾች መካከል ይቀያይራል። ከ1,997 ሲሲ፣ ያለ ቱርቦ፣ የጃፓኑ ስሪት 250 የፈረስ ጉልበት አውጥቷል። በነጻ ግን አልመጣም፤ ጌሙም ላይ ተመሳሳይ ዘዴ ስትመርጡ ወጪው ይታያችኋል።

4. መጭመቅና ነዳጅ

ፒስተኑ አየሩንና ነዳጁን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ የሚያሳየው ቁጥር ነው። 10 ለ 1 ማለት አሥር እጅ የነበረው ቦታ ወደ አንድ ተጨመቀ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበትም የነዳጅ ቁጠባም ይጨምራል። ግን ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት ገና ሳይደርሰው የቀረው ነዳጅ በራሱ ከፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲቆይ ፒስተን ይበሳል። ኦክቴን ይሄንን የመቋቋም አቅም ነው። ሕጉ 91 ኦክቴን ካለ፣ ለ98 የተሠራ ሞተር ይዛችሁ አትምጡ።

5. ዙር፦ ብዙዎች የሚወድቁበት

ጉልበት ቶርክ በዙር ተባዝቶ ነው። ቶርኩ (በኒውተን ሜትር) በደቂቃ ዙር ተባዝቶ ለ9,549 ሲካፈል ኪሎ ዋት ይሰጣል። 110 ኒውተን ሜትር በ4,000 ዙር 46 ኪሎ ዋት ነው፤ ያው 110 በ6,000 ዙር 69። ለዚህ ነው ጀማሪ ሁሉ ዙር የሚጨምረው። እኛም ያደረግነው ያንን ነው።

ዋጋው ግን ይሄው። ፒስተኑና ቢዬላው ላይ የሚያርፈው ጫና የሚያድገው በዙሩ ስኩዌር ነው። ከ6,000 ወደ 7,000 ስትሄዱ ዙሩ የጨመረው 17 በመቶ ነው፤ ጫናው ግን 36 በመቶ።

አማካይ የፒስተን ፍጥነትም አስሉ፦ ስትሮኩን በሜትር × 2 × ዙር ÷ 60። የ66 ሚሜው ላዳ በ6,000 ዙር 13.2 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። የ80 ሚሜው 16። ኤስ2000 በ9,000 ዙር ወደ 25 ይደርሳል። ለተራ መኪና ከ20 በታች ሁኑ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ የተቀጠቀጠ ብረት ቢዬላና የተሻለ ፒስተን ግዙ፣ በጀቱ ከፈቀደ።

6. ቱርቦ

ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተጠቅሞ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ትንሽ ሲሲ ለሚያዝ ሕግ ትልቅ መሣሪያ ነው። ግን መጭመቁን መቀነስ ያስፈልጋል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ወጪም እንደዚሁ። ቱርቦው ከበዛ ደግሞ እግራችሁን ስትጭኑ ሞተሩ «ቆይ ላስብበት» ይላል።

ምሳሌ እንሥራ

ሕጉ እንዲህ ይበል፦ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ፣ 91 ኦክቴን፣ ለከተማ የሚሆን ርካሽ መኪና።

ሁለት አማራጭ አለን። 76 በ71.6 ሚሜ፣ 1,299 ሲሲ። ወይም 72 በ79.6 ሚሜ፣ 1,296 ሲሲ። የከተማ መኪና አብዛኛውን ቀን ከ3,000 ዙር በታች ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ሁለተኛውን እንወስዳለን። ይሄ ከኪሳችን ያወጣነው ቁጥር አይደለም፤ ቪትዝ ላይ የተገጠመው የቶዮታ 1.3 ሊትር ሞተር መለኪያ ነው። ካሙ ለስላሳ ይሁን። ቱርቦ አንጨምርም። ዙሩን 6,000 ላይ እናቁም፤ የፒስተን ፍጥነቱ 15.9 ይሆናል፣ ስለዚህ ተራ ቢዬላ ይበቃል። እዚያ የተረፈውን ገንዘብ 4 ቫልቭ ባለው ቴስታታና በጥሩ የነዳጅ ሥርዓት ላይ እናውለዋለን።

ጉልበቱ ማንንም አያስደንቅም። ነገር ግን የተጠየቀው ይሄ ነው።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

• አንዴ ብዙ ነገር መቀየር። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ዳይኖውን እዩ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ቀጥሉ። ያለበለዚያ የቱ እንደጠቀመ አታውቁም።
• የግራፉን ጫፍ ብቻ ማየት። መኪና የሚነዳው በመሃሉ ነው።
• ውድ ዕቃ ሁሉ ላይ ጥራት መጨመር። ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ ላይ ብቻ ክፈሉ።
• ማስጠንቀቂያን ችላ ማለት። ቢዬላው አይችልም ካለ አይችልም።

ጌሙ የማያስተምራችሁ

ዘይት በሰዓቱ ያልተቀየረለት ሞተር ምን እንደሚሆን፣ አቧራ ፋሻ እንዴት እንደሚበላ፣ መካኒክ በጆሮው ብቻ በሽታውን እንዴት እንደሚለይ አያሳያችሁም። ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ከባህር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው ጉልበት ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ያንሳል። ስለዚህ ጌም ተጫውቶ መካኒክ ነኝ ማለት አይቻልም። ጋራዥ ገብታችሁ «ሞተሩ ይውረድ» ስትባሉ ግን ለምን ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እኛ ከዚያ ከመጨረሻ ሁለተኛ ውጤት የተማርነው አንድ ነገር ነው። ሞተር ውስጥ በነጻ የሚገኝ ቁጥር የለም። ዙር በጥንካሬ ይገዛል፣ ጉልበት በነዳጅ፣ ልስላሴ በገንዘብ። አሸናፊው ብዙ የገዛው ሳይሆን የተባለውን የገዛው ነው።

እስቲ በስልካችሁ ሞክሩት፦ ከ1,600 ሲሲ የማይበልጥ፣ ለዳገት የሚሆን ባለ 4 ሲሊንደር። ቦሩንና ስትሮኩን ምን ታደርጋላችሁ? ቁጥራችሁንና ምክንያታችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፤ መኪና ለሚወድ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።