ከጀጎል ግንብ ጀርባ፦ የሐረር ሰፈሮችና ቤቶች ታሪክ



ሐረር ደርሶ የመጣ ጓደኛችሁ ስልኩን ሲያሳያችሁ የምታዩት ይታወቃል፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ጅብ የሚያበላ ሰው፣ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ፎቅ። (ያ ፎቅ እንኳ ፈረንሳዊው ገጣሚ ከሄደ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው።) ከዚያ ቀለም ከተቀባው ግድግዳ ጀርባ ያለውን ቤት ገብቶ ያየ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚያ ቤትና ስለ ሰፈሩ እናወራለን።

ሐረር እ.ኤ.አ. በ1520 የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫ ሆነች። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 ከወደቁ በኋላ ከተማዋ ከየአቅጣጫው ስትጠቃ፣ ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። በሮቹ አምስት ነበሩ፤ በአማርኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር የምንላቸው። አምስት መሆናቸውን ከአምስቱ የኢስላም ማዕዘናት ጋር የሚያያይዙ አሉ። የከተማዋ አምስት ሰፈሮችም የሚጠሩት በእነዚሁ በሮች ነው። በነገራችን ላይ ከግንቡ ሥር ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ግንቡ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ነው። በውስጡ የተቆጠሩት መስጂዶች 82 ናቸው። ስታካፍሉት ለአንድ መስጂድ የሚደርሰው ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያነሰ ቦታ ነው። ይህ ማለት ሽማግሌው ለሱብሒ ሲነሱ የሚሄዱት ጥቂት እርምጃ ነው። ሕፃኑም ቁርኣን ለመቅራት መንገድ አያቋርጥም። ከአብዛኞቹ መስጂዶች ትንሽነት የተነሳ ሰጋጆቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሁለት ቀን ከጀመዓ ከጠፋ ሦስተኛው ቀን የሚጠይቀው አያጣም። ሠርጉንና ሐዘኑን የሚያነሳው ደግሞ አፎቻ የሚባለው የሐረሪዎች ማኅበር ነው፤ እድርን ለሚያውቅ አንባቢ ሩቅ አይደለም።

ከመስጂዱ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው። ከመንገዱ ሆኖ የሰው ጓዳ ማየት አይቻልም። የአጥሩን በር አልፋችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት ግቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘመዳማቾች የሚጋሩት። ማድቤቱም እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። ዋናው ቤት በሐረሪ ቋንቋ ጌይ ጋር ይባላል፣ «የከተማ ቤት» እንደ ማለት ነው።

የጌይ ጋር ትልቁ ክፍል ጊዲር ጋር ነው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ወንበር አታገኙም። የምታገኙት ከወለሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ቀይ የተቀቡና ምንጣፍ የለበሱ መደቦችን ነው፤ ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ጊዲር ነደባ፣ ማለትም ትልቁ፣ እንግዳው ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው። ከበሩ ኋላ ያለው መደብ ገብቲ ኤሐር ይባላል። ትንሹና የተከለለውም የየራሳቸው ስም አላቸው። እኛ «ለታላቅ ቦታ ልቀቅ» እያልን በቃል የምናስተምረውን አደብ ሐረሪዎች በድንጋይና በጭቃ ገንብተውታል። ልጅ የት እንደሚቀመጥ ማንም አይነግረውም፤ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል።

ግድግዳው ላይ ጣቄት የሚባሉ መስኮት መሰል ጉድጓዶች አሉ፤ ቁርኣንና ኪታብ፣ ሲኒና ሳህን የሚቀመጥባቸው። ከእነሱ በላይ የሴቶቹ እጅ ሥራ የሆኑ ስፌቶች ይደረደራሉ። ከጊዲር ጋር ጎን ያለችው ትንሽ ክፍል ኪርታት ናት፤ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን የሚያሳልፉባት። ከበር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ እዚያ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ስለ ቀዩ ቀለምም የሚነገር አለ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የአሚር አብዱላሂ ሠራዊት በምኒልክ ጦር ተሸንፎ ብዙ ሰው አለቀ፤ ቀዩ የእነዚያ ሸሂዶች ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ።

ከጨለንቆ በኋላ የከተማዋ መልክ ተቀየረ። የህንድ ነጋዴዎች መጥተው በረንዳ ያላቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ሠሩ፤ ሐረሪዎችም አንዳንዶቹ ሁለቱን ዓይነት አቀላቀሉ። ይህ ጌይ ጋርን አልጎዳውም። በእኔ እይታ የጎዳው የ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ነው። የተወረሰው ቤት ለተከራይ ሲሰጥ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ቤት ለማይተዋወቁ አባወራዎች ይከፋፈላል። አሚር ነደባ የማን ይሁን? አልጋ ማስገቢያ ሲጠፋ መደቡ ይፈርሳል። ተከራዩ ላይ መፍረድ አይቻልም፤ እሱም የሚያድርበት ያስፈልገዋል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ምዝገባው ግን የባለቤቱን እጅ አይዝም። ዛሬ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን በጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውጭ ያለ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ ልኮ የቤቱን ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለስናል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ዓመታት ሲያልፉ ጭቃው ይላላል፣ ልስኑም እየተላጠ ይወርዳል። ቤቱን ለዘመናት ያቆየው የኖራ ቅብ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል እንጂ።

ሐረር የምትሄዱ ከሆነ፣ በአካባቢው ሰው አማካይነት አስፈቅዳችሁ አንድ ጌይ ጋር ግቡ። ጫማችሁን አውልቁ፤ ሰላምታ አቅርባችሁ ከበሩ ኋላ ካለው መደብ ተቀመጡ። «ወደ ላይ ውጡ» ካሏችሁ ውጡ። ስልኩን ቡናው ከቀረበ በኋላ ታወጡታላችሁ።