አላሞና ጠንቋይ
ስለ ካፋ ጥንታዊ እምነትና ስለ ተሰጠው ስም

በአማርኛችን ውስጥ ብዙ ነገር ባንድነት የሚጠቀልሉ ቃላት አሉ። ከነዚህም አንዱ «ጠንቋይ» የሚለው ነው። መተት የሚሠራውንም፣ ኮከብ የሚቈጥረውንም፣ ሞራ የሚያነበውንም፣ ዛር የሚወርድበትንም፣ የአገሩን ቆሌ የሚለማመነውንም ሁሉ በዚህ ባንድ ስም መጥራት ከለመድን ብዙ ዘመን ሆነን። ነገሩ በተራ ወግ ላይ ሲሆን ያን ያህል ጕዳት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ቃሉ በመንግሥት መዝገብ፣ በዳኛ ፊትና በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ አንድን ሙሉ ሥርዐት ከማታለል ጋራ ቈጥሮ ይጥለዋል። በቦንጋና በመላው የካፋ አገር ስለኖረው ስለ አላሞ ሥርዐት ጥቂት ለመግለጥ ያሰብነውም ስለዚህ ነው።

እንደሚታወቀው ካፋ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ ብቻውንም አይፈርድም ነበርና ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከመሩት የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋራ ተዋግቶ በ1890 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ ተማረከ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ዙፋኑ ሳይመለስ በግዞት ሞተ። ንጉሡ ሲማረክ ሸንጎው ፈረሰ፤ አገሩም በጦርነቱ እጅግ ተጐዳ። ከዚያ ሁሉ ጥፋት ተርፎ በሕዝቡ መካከል ከቆዩት ነገሮች አንዱ እምነቱ ነው።

በካፋ እምነት ከሁሉ በላይ ያለው የሰማይ አምላክ ዬሮ ይባላል። ከዬሮ በታች ደግሞ «ኤቆ» የሚባሉ መናፍስት አሉ፤ ኤቆ የሚያድርበትም ሰው «አላሞ» ይባላል። አላሞነት ማንም ደፍሮ የሚይዘው ሥራ አይደለም። በዘር የሚተላለፍ ነው፤ አንድ አላሞ ባረፈ ጊዜ ኤቆው ከዚያው ወገን በሌላው ላይ ያድራል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ አላሞ ለብቻው ቆሞ የሚታይ ሰው ሳይሆን የአንድ ወገን አደራ ተቀባይ ነው። የታመመ፣ ልጅ ያጣ፣ ከብቱ የጠፋበት፣ ከጐረቤቱም ጋራ የተጣላ ሰው እጅ መንሻውን ይዞ ወደ አላሞው ቤት ይሄዳል፤ ጭንቀቱን ያሰማል፤ ኤቆው በአላሞው አንደበት የሚሰጠውን ቃልም ይቀበላል። ነገሩ በሸንጎ ፊት እንደሚቀርብ አቤቱታ በብዙ ሰው መካከል ስለሚሰማ የተጣሉትን ለማስታረቅ ኀይል ነበረው። አምኖን ኦረንት የተባለው ተመራማሪ በ1969 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለቦስተን ዩኒቨርስቲ ያቀረበው የካፋ ጥናት የወገንን አደረጃጀትና መናፍስትን ባንድነት የተመለከተው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በካፋ አንዱን ትቶ ሌላውን ለመረዳት አይቻልምና።

ከአላሞው ሌላ «ዴጆ» የሚባል ሥርዐት አለ። ዴጆ ማለት ለመንፈስ የሚቀርብ መሥዋዕት ወይም ስጦታ ነው። በቆሌ ዴጆ ጊዜ ያገሩ ሰዎች እህል፣ ማርና መጠጥ፣ የሚታረድም እንስሳ ይዘው በጫካ ውስጥ ወደ ተለየው ስፍራ ይሄዳሉ፤ ይህ ሥልጣን በዘር የደረሰው ሽማግሌ ስለ ዝናም፣ ስለ አዝመራ፣ ስለ ጤና ይጸልያል፤ ያመጡትንም አብረው ይቀምሳሉ። ከዚያ ስፍራ ዛፍ መቍረጥ ነውር ነው። እነሆ፣ አክብሮት የሚለው ቃል በካፋ የሚያዝና የሚጨበጥ ነገር ሆኖ ይታያል፤ ይኸውም በተወሰነ ጊዜ መሄድ፣ ባዶ እጅ አለመግባት፣ ምሳርን ከተከለከለው ዛፍ ማራቅ ነው። ዛሬ የካፋ ደን በመላው ዓለም የታወቀ ነው፤ በ2002 ዓ. ም. ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነው የካፋ ምድር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ደኑን ያቆየው የዴጆ ሥርዐት ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ዘበኛና ደንብ ከመምጣቱ በፊት ምሳርን የሚከለክል ሥርዐት በአገሩ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ከድሉ በኋላ ከሰሜን የመጣው ሹምና ወታደር ይህን ሁሉ ባየ ጊዜ «ጥንቈላ ነው» አለ። የሚያስገርመው ግን እርሱ ራሱ ባገሩ አድባር የሚያከብር፣ ውቃቢ አለኝ የሚል፣ በቤቱም ዛር ያለበት ሰው ያላጣ መሆኑ ነው። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1932 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጐንደር ተቀምጦ የዛርን ነገር ሲጽፍ ያየው ነገር ከአላሞው ሥርዐት እጅግ የራቀ አልነበረም፤ መንፈስ በሰው ላይ ያድራል፣ ይናገራል፣ ስጦታም ይጠይቃል። በእርግጥ ልዩነት አለው፤ በጐንደር ዛሩ በብዛት በሴቶች ላይ የሚወርድ ሲሆን በካፋ ግን አላሞው የወገን ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። ሆኖም የራሳችንን «አድባር» ብለን በማክበር፣ የሰውን ደግሞ «ጥንቈላ» ብለን በመናቅ የኖርነው ሚዛናችን አንድ ስላልነበረ ነው።

ስለ ስም ከተነሣ አይቀር የውጭውን አገር ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ስለ ጥንቈላ በ1735 የወጣው ሕግ በ1951 ተሻረ፤ ከዚያም በኋላ ጄራልድ ጋርድነር የተባለው ሰው በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ የጠንቋይነትን ስም ለእምነቱ መጠሪያ አድርጎ በግልጥ አወጣው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ በዚሁ ስም በፈቃዳቸው የሚጠሩ፣ ሌላውን ላለመጕዳትም የራሳቸው ደንብ ያላቸው ብዙ ማኅበሮች ተነሥተዋል። እነዚያ ስድብ የነበረውን ስም ወደው ወሰዱት። የካፋ አላሞ ግን በቋንቋው ጥንታዊ ስም ያለው ሲሆን «ጠንቋይ» የሚለውን ሌላ ሰው ለጠፈበት። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሰው ራሱ በመረጠው ስም መጠራቱ ክብር ነው፤ ሌላው በጫነበት መጠራቱ ግን የመሸነፍ ምልክት ነው።

ይህን ስንል ግን ነቀፋን ሁሉ እናስቀር ማለታችን አይደለም። በካፋ ጥንታዊ ሥርዐት ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ስለ አደናቸውና ስለ ምግባቸው ተንቀው፣ ከሌላው ቤት እንዳይገቡና አብረው እንዳይበሉ ተከልክለው ኖረዋል። ይህ በደል «ባህል ነው» ተብሎ ሊሸፈን አይገባውም። ከሕመምተኛ ላይ አለቅጥ የሚቀበል፣ ወይም ሰውን በፍርሃት አስሮ የሚይዝ ሰውም ቢገኝ እንደ ማንኛውም በዳይ በሥራው ይጠየቅ። እኛ የምንለው፣ በደለኛው በበደሉ ይጠራ እንጂ ሥርዐቱ በሙሉ በበደለኛ ስም አይጠራ ነው።

በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሃይማኖት የሕዝብን ጸጥታና መልካም ጠባይ እስካልነካ፣ ለፖለቲካም እስካልዋለ ድረስ ሥርዐቱን ከመፈጸም እንዳይከለከል ደንግጎ ነበር። ዳሩ ግን «ሃይማኖት» የሚለው ቃል አላሞን ይጨምራል ብሎ ያሰበ ሹም ጥቂት ነበር። በአብዮቱም ዘመን እንዲህ ያለው ሥርዐት እንደ ኋላ ቀር ልማድ ተቈጥሮ ዘመቻ ተደረገበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ የእምነትን ነጻነት፣ በ91ኛው ደግሞ ከሰው ልጅ ክብርና መሠረታዊ መብት ጋራ የሚስማሙ ባህሎችን የመርዳትን ግዴታ ደንግጓል። ሕጉ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ፤ ቃላችን ግን አልተለወጠም።

ከ2014 ዓ. ም. ወዲህ ቦንጋ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ ከየአገሩ የሚመጣው ሠራተኛና መምህርም በርክቷል። ለነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። መዝገብ የሚጽፈው ጸሓፊ አላሞን አላሞ፣ ዴጆን ዴጆ ብሎ ይጻፍ። መሬት የሚመራው ባለሥልጣን በካርታው ላይ ባዶ ጫካ መስሎ የሚታየው ስፍራ የቆሌ ዴጆ ቦታ እንደ ሆነ ሽማግሌዎችን ሳይጠይቅ ችካል አይትከል። መምህሩም አያቱ አላሞ የሆነ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሊኖር እንደሚችል አስቦ ይናገር። እምነቱን እንዲቀበል ማንም አያስገድደውም፤ ክርስቲያኑ በክርስትናው፣ እስላሙም በእስልምናው ይጸናል። የሚጠየቀው የጐረቤቱን ነገር በትክክለኛ ስሙ መጥራት ብቻ ነው፤ ይህም ከሃይማኖቱ አንዳች አያጐድልበትም።