ከአባ ቃኘው እስከ ጋሪ ፈረስ፦ የምሥራቁ ቆላና የፈረስ ደም ታሪክ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው መንገዱ አጭር ቢሆንም ሁለት አገር ያያል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ። ላይ ጫትና ቡና፣ በቅሎና ፈረስ፤ ታች ግመልና ፍየል። ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሙቀቱ የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ፈረሱ ደም ውስጥ።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን በግመል ጭኖ እስከ ጀልዴሳ ይመጣ ነበር። ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቦታ ናት፤ የአውሮፓ ተጓዦች «ጊልዴሳ» እያሉ ጽፈዋታል። እዚያ ኬላ አለ፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ከዚያ የግመሉ ጭነት ወርዶ ለሐረር ዳገት በአህያና በበቅሎ ላይ ይጫናል። ግመል አቀበቱን አይወድም፤ የደጋው የጋማ ከብት ደግሞ በረሃውን።

ይሁን እንጂ «ፈረስ ቆላ አይገባም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ሱማሌዎች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ፈረስ አርቢዎችና ፈረሰኞች ናቸው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም በ1880 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሐረር ሲደርስ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የሱማሌን በረሃ በ20 ቀን የፈረስ ጉዞ ማቋረጡን ይነግራቸዋል። ደብዳቤው የተጻፈው በታኅሣሥ መጀመሪያ ስለሆነ በደረቁ ወራት ነው የተጓዘው ማለት ነው። እንግዲህ ፈረስ ቆላ ይገባል። ጥያቄው መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ነው። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ይህን በውድ ዋጋ ተምሯል፤ ዙላ የባሕር ዳርቻ ላይ የቆዩት ፈረሶቹና በቅሎዎቹ በብዛት አለቁበት፤ ምን እንደገደላቸው ግን በወቅቱ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም።

ገዳዩን ለማወቅ ደም መመርመር ነበረበት። ዕድል ሆኖ የመጀመሪያው መልስ የመጣው ራምቦ ሐረር በገባበት በዚያው በ1880 ነው፤ ግን ከሩቅ አገር፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ካለችው ከዴራ ኢስማኤል ካን። ይህች ከተማ ለጀልዴሳ እህት ትሆናለች ብል ማጋነን አይደለም፦ ከአፍጋኒስታን ተራሮች የሚወርዱ የግመል ነጋዴዎች መግቢያ ነበረች። እዚያ የጦሩ ፈረሶች ይከሱ፣ እግራቸውና ሆዳቸው ያብጥ፣ ደማቸው ያልቅና ይሞቱ ነበር። የአገሩ ሰው በሽታውን «ሱራ» ይለዋል። ግሪፊዝ ኢቫንስ የሚባል ዌልሳዊ የጦር የእንስሳት ሐኪም እንዲመረምር ተላከና የፈረሶቹን ደም በማይክሮስኮፕ አየ። በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ ትል የሚጥመዘመዝ፣ ሕዋሳቱን እየገፋ የሚዋኝ ነገር አገኘ።

ዛሬ «ታዲያ አለቀ፣ ተገኘ» እንላለን። ያኔ ግን አላለቀም። ተመሳሳይ ተሕዋስ በአይጥ ደም ውስጥ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር፤ አይጦቹም አልታመሙም። ስለዚህ በሕንድ የነበሩት የሕክምና ሊቃውንት «ምንም አያደርግም፣ አብሮ የሚኖር ነው» አሉት። ኢቫንስ የታመመ ፈረስ ደም ወስዶ ለጤነኛ ፈረስና ለውሻ ሰጠ፤ ታመሙ፤ ደማቸውም ውስጥ ያው ተሕዋስ ተገኘ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቢቀጥልም ተሕዋሱ በስሙ ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ ተባለ። በሽታ አምጪ መሆኑ የታወቀ የመጀመሪያው ትሪፓኖሶማም እሱ ነው። ኢቫንስ ደግሞ ሥራው ሲከበርለት ለማየት በቂ ዕድሜ አገኘ፤ የሞተው በ1935፣ 100 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ ለድሬዳዋ ምኗ ነው? ብዙ ነው። ሰዎች ትሪፓኖሶማን ስናነሳ «ቆላ ዝንብ»ን፣ የጊቤንና የዓባይን ሸለቆ ያስባሉ። ሱራ ግን ቆላ ዝንብ አያስፈልገውም። ተራ ተናካሽ ዝንቦች፣ በተለይ ትልልቆቹ የፈረስ ዝንቦች፣ ከአንዱ እንስሳ የነከሱበትን ደም አፋቸው ላይ እንደያዙ ሌላውን ይነክሳሉ። ቆላ ዝንብ በሌለበት በምሥራቁ ቆላ ሱራ የግመል ዋና በሽታ የሆነው በዚህ ነው። ግመሉ ብዙ ጊዜ በሽታውን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተሸክሞ ይኖራል፤ ፈረስ ግን ካልታከመ በአብዛኛው አይቋቋመውም። ግመልና ፈረስ አንድ ምንጭ ላይ ውኃ ሲጠጡ አስቡት፤ አንዱ ማኅደሩ ነው፣ ሌላው ሟቹ።

ሁለተኛው ገዳይ ከዚህ ይከፋል፣ ምክንያቱም አይታይም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይባላል። ማታ ደህና የታሰረ ፈረስ ያተኩሰዋል፣ መተንፈስ ያቅተዋል፣ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በሌላው መልኩ ደግሞ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፣ እብጠቱም ወደ አንገትና ደረት ይወርዳል። ደሙን በማይክሮስኮፕ ብታዩት ምንም የለም።

በ1900 ጆን ማክፋድየን ለንደን ውስጥ የታመመ ፈረስ ደም ወስዶ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። የተጣራው ፈሳሽ ንጹሕ ይመስላል፤ ለጤነኛ ፈረስ ሲሰጠው ግን ያው በሽታ መጣ። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር ደሙ ውስጥ አለ። «ቫይረስ» ዛሬ በምንረዳው ትርጉም ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሐሳብ ነበር። ኢቫንስ አይቶ ያላመኑትን፣ ማክፋድየን ደግሞ ሳያይ አሳመነ። እኔ ከሁለቱ የማክፋድየንን አስበልጣለሁ፤ የማይታይን ነገር በፈረስ ደም ማስረዳት ቀላል አይደለም።

አሻጋሪዋ ኩሊኮይደስ የምትባል፣ ከቢምቢ በጣም ያነሰች ተናካሽ ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው ግን ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሌሊት ትነክሳለች፤ እርጥበትና ሙቀት ትወዳለች። ያልተከተቡ ፈረሶች ከታመሙ አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ በቅሎ የተሻለ ትቋቋማለች፣ አህያ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅባት ያልፋታል። እስቲ አሁን ጀልዴሳ ላይ የተረከቡትን እንስሳት መለስ ብላችሁ አስቡ፦ አህያና በቅሎ። የነጋዴው ምርጫ ዋጋን፣ ጥንካሬንና ጥሬ ፍጆታን ያሰላ ነበር፤ ግን ማን ሞቶበት ማን እንደተረፈለትም ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በዚያ ዘመን ሐረርን የሚገዙት ራስ መኰንን ነበሩ፤ የፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው»። ፈረስ ማዕረግ ነው፣ ስም ነው፣ ጦር ነው። ባቡሩ ግን ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አልቻለምና በ1902 መጨረሻ ሜዳው ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለው ጣቢያ ድሬዳዋ ሆነ። ሎኮሞቲቭ ዝንብም ትንኝም አይነካውም። ከተማዋ ውስጥ ግን ፈረስ ሌላ ሥራ አገኘ፦ ጋሪ። ከጣቢያው፣ ከከዚራ፣ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መጋላ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ኖረ፤ በኋላ ባጃጅ መጥቶ ሰዉን እስኪወስድበት ድረስ። የማዕረጉ ፈረስ ስም አለው፣ የጋሪው ፈረስ ግን የሐኪም ዓይን እንኳ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ሐኪሙ ቢያገኘውስ ደሙ በቀላሉ እውነቱን ይናገራል? አይናገርም። የፈረስ ደም አሳሳች ነው። የድሮ የአውሮፓ ሐኪሞች ደም አውጥተው በሳሕን ያስቀምጡና ቀዩ ወደ ታች ሰምጦ ከላይ ነጣ ያለ ሽፋን ከሠራ «ብግነት አለበት» ብለው ተጨማሪ ደም ያወጡ ነበር። የፈረስ ቀይ የደም ሕዋሳት ግን እንደ ሳንቲም ተደራርበው ስለሚጣበቁ ጤነኛም ሆኖ ቶሎ ይሰምጣሉ። ስንቱ ጤነኛ ፈረስ በዚህ ምክንያት ደሙ እንደፈሰሰ ማን ይቆጥረዋል! እኛም አገር ዋግምትና ብጥ አለና ብዙ መሳቅ አያምርብንም።

ሌላም አለ። ፈረስ ከቀይ የደም ሕዋሳቱ ትልቅ ድርሻ፣ ሲሶ ያህል፣ ጣፊያው ውስጥ ያስቀምጣል። ሲሮጥ ወይ ሲደነግጥ ጣፊያው ይጨመቅና ያ ሁሉ ወደ ደም ሥር ይለቀቃል። ያረፈ ፈረስ ደም ከመቶ 35 ወይ 40 እጁ ቀይ ሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ የደነገጠው ከ60 በላይ ይደርሳል። ጆሴፍ ባርክሮፍት በ1920ዎቹ ጣፊያ የደም ጎተራ መሆኑን በሌሎች እንስሳት ካሳየ ወዲህ ነው ይህ በቅጡ የተገባን። አሁን ሱራ ይዞት ደሙ ያነሰውን የጋሪ ፈረስ ውሰዱ። ሰው ከቦት፣ ታስሮ፣ መርፌ አይቶ ሲፈራ ጣፊያው የቀረውን ያወጣና የምርመራው ቁጥር «ደህና ነው» ይላል። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ ፈረሱን አረጋግቶ ደም የሚቀዳው።

ሦስተኛው ማሳሳቻ ቢጫነቱ ነው። የፈረስ ፕላዝማ በተፈጥሮው ቢጫ ነው፤ መኖ ያጣ ፈረስ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓይኑ ድረስ ቢጫ ይሆናል፣ ጉበቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ። የተራበን ፈረስ በጉበት በሽታ መድኃኒት ማሠቃየት ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ ገብስ ሆኖ ሳለ።

ሱራን ለማግኘት ዛሬም መንገዱ የኢቫንስ ነው ማለት ይቻላል። ደሙ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ተደርጎ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ ቀዩ ታች ይወርዳል፣ ነጮቹ ሕዋሳት መሐል ይቀመጣሉ፣ ትሪፓኖሶማው እነሱ ድንበር ላይ ሲዋኝ ይታያል። ግን በሕይወት ካለ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ናሙናው ጥላ ወይ በረዶ ካላገኘ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሕዋሱ ይሞትና ውጤቱ «የለም» ይሆናል። ተሕዋሱ ደም ውስጥ የሚበዛውም ፈረሱ ባተኮሰው ጊዜ ነው፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ይሰወራል። የአንድ ቀን «የለም» ስለዚህ ብዙ አያስተማምንም።

የቫይረሱ ነገር ከባድ የሆነው ደግሞ ዘጠኝ ዓይነት ስላለው ነው። አርኖልድ ታይለር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንዴ ታሞ የዳነ ፈረስ እንደገና ሲታመም አይቶ ነው ነገሩ አንድ እንዳልሆነ የጠረጠረው። ለአንዱ ዓይነት ያገኘው መከላከያ ለሌላው በቂ አይሆንም። እኛ አገር ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚያመርተው ክትባት ለዘጠነኛው ዓይነት ነው፤ በብዛት የሚገኘው እሱ ነውና ምርጫው ትክክል ነው። ነገር ግን ከታመሙ የኢትዮጵያ ፈረሶች ደም ሌሎች ዓይነቶችም ተለይተዋል። በሽታውም ቆላ ብቻ አይቀርም፣ ትንኟ ባለችበት ወደ ደጋም ይወጣል። አገሪቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን ፈረስ አላት፤ ባለቤቱ የተከተበ ፈረሱ ሲሞትበት «ክትባቱ ውኃ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የትኛው ዓይነት እንደገደለው የሚታወቀው ግን ናሙና ከተወሰደ ብቻ ነው፦ ገና ሲያተኩሰው ደም፣ ከሞተም ቶሎ ተከፍቶ ጣፊያና ሳንባ።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ከድሬዳዋም ቅርብ ነው። ቫይረሱን ዓይነት በዓይነት ለመለየት ግን ናሙናው በበረዶ ሳጥን ሆኖ እስከ ቢሾፍቱ ወይ ሰበታ ከ400 ኪሎሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ጋሪ ነጂው ፈረሱ በሞተ ማግስት ሌላ ፈረስ ፍለጋ ወደ ደጋ ይወጣል፤ የሞተው ደግሞ እስከ ቀትር ከከተማ ውጭ ይጣላል።