ጣሪያ የሌለው ጣቢያ

ራዲዮን ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀት ፍቅር የሚሠሩበት ሰዎች አማተሮች በመባል ይታወቃሉ። ከእነዚህ መካከል የራሱ ግቢና የራሱ ጣሪያ ያለው ሰው ጣቢያ ሲያቋቁም የሚያሳስበው ገንዘብና ሙያ ነው። በኪራይ አፓርትማ የሚኖረው አማተር ግን አንቴናውን የሚሰቅለው በሌላ ሰው ንብረት ላይ በመሆኑ፣ ከፊዚክስ ሕግ በተጨማሪ የኪራይ ውል ይጠብቀዋል። የተከራዩ ጣቢያ ታሪክም እነዚህ ሁለቱ እኩል አለመራመዳቸውን የሚያሳይ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1912 የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ አማተሮችን በ200 ሜትርና ከዚያ ባነሰ የሞገድ ርዝመት ወሰናቸው። ለሩቅ ግንኙነት የሚበጀው ረጅም ሞገድ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የተተወላቸው የማይረባ የተባለው ክፍል ነበር። ይህም ቢሆን ለተከራይ አልተመቸም። ለ200 ሜትር ሞገድ የሚያስፈልገው ግማሽ ሞገድ አንቴና 100 ሜትር ያህል ሽቦ ይጠይቃል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሩብ ሞገድ ምሰሶም 50 ሜትር ይደርሳል።

በዲሴምበር 1921 የአሜሪካ አማተሮች ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ በስኮትላንድ፣ በአርድሮሳን ከተማ አጠገብ ተሰማ። አድማጩ ፖል ጎድሊ ድንኳን ተክሎ፣ በሜዳው ላይ ብዙ መቶ ሜትር ሽቦ ዘርግቶ ነበር። በኖቬምበር 1923 ደግሞ በፈረንሳይ ኒስ የነበረው ሌዮን ዴሎይና በአሜሪካ የነበረው ፍሬድ ሽኔል ወደ 100 ሜትር ገደማ በወረደ ሞገድ እርስ በርስ ተገናኙ። አጭሩን ሞገድ ወደ መሬት የሚመልሰው አዮኖስፌር እንደሆነ እየታወቀ በሄደ ቁጥር አማተሮቹ ይበልጥ ወደ አጭር ሞገድ ወረዱ። በ20 ሜትር ሞገድ ግማሽ ሞገድ አንቴና 10 ሜትር፣ በ10 ሜትር ሞገድ 5 ሜትር ብቻ ነው። ሜዳ ይፈልግ የነበረው ሽቦ በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ለመዘርጋት በቃ።

ይሁን እንጂ ሽቦው ሲያጥር ጎረቤቱ ቀረበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን ሲስፋፋ፣ በ14 ሜጋሄርዝ የሚሠራ ማሰራጫ አራተኛ ሃርሞኒኩ 56 ሜጋሄርዝ በመሆኑ፣ በአሜሪካ ከ54 እስከ 60 ሜጋሄርዝ በተመደበው የቴሌቪዥን መስመር ውስጥ ይወድቅ ነበር። በመሆኑም ማሰራጫውን በብረት ሣጥን መሸፈንና ማጣሪያ መግጠም የአማተሩ ግዴታ ሆነ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ፣ የጎረቤቱ ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራትና የባትሪ መሙያ በሚያወጡት ረብሻ የአማተሩ መቀበያ ይታወካል።

ሕጉ ግን እንደ ሞገዱ አልፈጠነም። በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን የአካባቢ አስተዳደሮች ለአማተር አንቴና አግባብ ያለው ስፍራ እንዲሰጡ ወሰነ፤ የግል ውልን ግን አልነካም። በ1996 የወጣውን ሕግ ተከትሎ የመጣው ደንብ፣ ከ1999 ጀምሮ ተከራዩ ለብቻው በሚጠቀምበት በረንዳ እስከ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሳተላይት ሳህን እንዲያቆም ፈቀደ። የአማተር አንቴና በዚህ ፈቃድ አልተካተተም። ስለዚህ በአንድ በረንዳ ላይ ሳህኑ መብት ሲኖረው፣ ሽቦው የአከራዩን በጎ ፈቃድ ይጠብቃል።

ለዚህ ችግር መሐንዲሱ ካገኛቸው መልሶች አንዱ የቀለበት አንቴና ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ቀለበት ከካፓሲተር ጋር ተስማምቶ በ14 ሜጋሄርዝ ይሠራል። ነገር ግን የጨረራ ተቃውሞው የአንድ ኦም አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በመጋጠሚያ ላይ የምትቀር ጥቂት ተቃውሞ እንኳ ኃይሉን ወደ ሙቀት ትለውጠዋለች። በ100 ዋት ኃይልም በካፓሲተሩ ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈጠራል። በመሆኑም ሕፃናት በሚደርሱበት በረንዳ ላይ ቀለበቱን ያለ ከለላ ማቆም አይገባም።

እንግዲህ ተከራዩ ዋናውን ድል ያገኘው ከሞገዱ ማጠር እንጂ ከሕግ አይደለም። ቀሪው በአከራዩ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አስቀድሞ አንኳኩቶ፣ ሥራውን አስረድቶ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ መያዝ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ ደግሞ ከጣሪያው ወደየመኖሪያው የሚወርድ አንድ ባዶ ቱቦና አስተማማኝ የመሬት መስመር በፕላኑ ላይ ቢያኖር፣ በኋላ በግድግዳው መበሳት ላይ የሚነሣውን የአከራይና የተከራይ ክርክር አስቀድሞ ይቀንሰዋል።