ጊድራና ስሎው ኩከር፦ የሁለት ድስቶች ታሪክ

በመተማና በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ እየተመላለስን የነገድን ሁላችን የጧቱን ፉል እናውቀዋለን። ባለ ፉል ቤቱ ማታ ባቄላውን ለቅሞና አጥቦ ጊድራ ውስጥ ይጨምራል፤ ውሃ ሞልቶ ለዘብ ካለ የከሰል ፍም ላይ ይጥደዋል። ሲነጋ ባቄላው ላልቶ ይገኛል። በጠርሙስ ቂጥ ደቆ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርትና ከሙን ገብቶበት በዳቦ ይበላል።

የጊድራ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። እንፋሎቱ ቶሎ ስለማይወጣ ውሃው አያልቅም፤ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰውም አያስፈልግም። ግብፆች «ፉል ሙደመስ» ሲሉ «የተቀበረ» ማለታቸው ነው ይባላል፤ በድሮዋ ካይሮ ማሰሮውን በሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ምድጃ ረመጥ ውስጥ ያሳድሩት ነበርና።

በገዳሪፍ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የኡም ጋርጉር መጠለያ በአብዛኛው የኤርትራ ስደተኞች የኖሩበት ነው። ማገዶ በሚቸግርበት እንዲህ ባለ ቦታ በትንሽ እሳት ማብሰል ቅንጦት ሳይሆን ገንዘብና ጉልበት ማትረፊያ ነው።

ዛሬ ዘመዶቻችን ከውጭ የሚልኩልን ስሎው ኩከርም የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው አርቪንግ ናክሰን እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብት አገኘበት። መነሻው እናቱ ከሊቱዌኒያ ያመጣችው ትዝታ ነበር፤ እዚያ አይሁድ በሰንበት እሳት ስለማያነዱ ዓርብ ማታ ድስታቸውን በዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ያሳድሩ ነበር። ሪቫል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 የናክሰንን ሥራ ገዝቶ፣ በ1971 ክሮክ ፖት ብሎ ለገበያ አወጣው።

አሠራሩም ከጊድራው ብዙ አይርቅም። ድስቱን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሙሉት። እንፋሎቱ ስለማይወጣ ከለመዳችሁት ውሃ ቀንሱ፤ ክዳኑንም ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ። ሽንኩርት በዚህ ድስት በደንብ ስለማይቁላላ የወጡን ቁሌት በምድጃ ላይ ጨርሳችሁ ጨምሩ። ሥጋ በዝቅተኛው ሙቀት እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል።

ሦስት ነገር ግን አትርሱ። ቀይ ቦሎቄ ሳይፈላ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ የዚህ ድስት ሙቀት አያጠፋውም። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ፤ ከዚያ በሌላ ድስት 30 ደቂቃ አፍሉት። እናንተ በሌላችሁበት መብራት ጠፍቶ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ካላወቃችሁ፣ ምግቡን ጣሉት። በከሰል የምታሳድሩ ደግሞ፣ የፉል ድስት በተዘጋ መኝታ ቤት አይጣድም፤ የከሰል ጢስ ሽታ ሳይኖረው እንኳ ይገድላል። ውጭ ይደር።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ጉልቻው ከሰል ሆነ ኤሌክትሪክ፣ ፉሉን የሚያጣፍጠው ሌሊቱን ማደሩ ነው።